ፒያኖ በቅመም ሚዛን

ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጸደንያ ኪሩቤል፣

የደጋውም የቆላውም አምላክ አንቺንም እናት አባትሽንም በሰላም ያቆይልኝ። ከማታውቂያት ሴት ወረቀት ሲመጣልሽ ግራ እንዳይገባሽ በቅድሚያ ማንነቴን ልንገርሽ። ፈለቀች እባላለሁ። የእናትሽ የብርቱካን አባትና እኔ የእኅትማማች ልጆች ነን። ደብረ ሲና ተወልጄ፣ ገና ወጣት ሳለሁ ሙዚቃ ልማር ወደዚህ አገር መጣሁ። እዚሁ አግብቼ፣ አንዲት ልጅ ወልጄ፣ የሰው አገር ልጆችን ፒያኖ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ሰሞን እናትሽ ደውላ የዘመዱን ሁሉ ወሬ ስትነግረኝ ቆይታ፣ ልትዘጋው ስትል እንደ ዋዛ፣ «ጸደንያ ፒያኖ ትማራለች፤ በሰኔ አዲስ አበባ ሄዳ የደረጃ አምስት ፈተና ትፈተናለች» አለችኝ። «ምን አልሽ?» አልኳት። ስልኩ ከሦስት ቃል ሁለቱን ስለሚውጥ ያልሰማሁ መስሏት ጮኻ ደገመችልኝ። ሰምቻታለሁ፤ ማመን ነው ያቃተኝ። እኔ የማውቃት ሮቢት ከአባቴ ጋር ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን እያወለቅሁ የምደርስባት፣ ሙዝ እስኪያመኝ የምበላባት ቆላ ናት። ለካ ፒያኖም ገብቶላታል!

ኢንተርኔቱ እንደተዘጋ ነው ብላኛለች። ግድ የለም፣ በወረቀት እንነጋገራለን። እስኪ ጻፊልኝ፦ የሚያስተምርሽ ማን ነው? ለፈተናው የያዝሻቸው ዜማዎች ምን ዓይነት ናቸው? ፒያኖሽስ የምን አገር ሥራ ነው? ፔዳሉ በደንብ ይሠራል? ያ ሙቀት ክሩን አያላላውም?

ደረጃ አምስት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እዚህ ብዙ ልጆች እሱ ላይ ሲደርሱ ነው ፒያኖውን ዘግተው ኳስ የሚጀምሩት። አንቺ ግን እዚያ ሆነሽ ከደረስሽ የምረዳሽን ያህል ልረዳሽ እፈልጋለሁ።

እግዜር ጣቶችሽን ይባርክልሽ።

ዘመድሽ ፈለቀች


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ፈለቀች፣

እንደምን አሉልን? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤዎ እማዬ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ በኩል ደረሰን። እማዬ ጮክ ብዬ እንዳነብላት አድርጋ፣ ጋቢና ሹራብ የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አሁንም እንደዚያው ነው፤ እኔም ከዚያ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የማወልቀው» አለች።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ፒያኖ የጀመርኩት ከአጣዬ ወጥተን እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። የኛም ቤት ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። አባዬ አሁን ተመልሶ እየሠራው ነው፤ እማዬ ደግሞ ሥራዋ ወደዚህ ስለተዛወረ እኔና እሷ እዚህ ቀረን። በመጣን ዓመት ከሰው ጋር ማውራት ትቼ ነበር። ትምህርት ቤት መምህራኑ ይጠይቁኛል፣ ምላሴ አይታዘዝልኝም። ሁሉም «ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ መሳፍንት ብቻ አልጠየቀኝም። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ሙዚቃም የተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠራኝና ወንበር ስቦልኝ፣ «እዚህ ጋ ተጫኚ» አለኝ። ተጫንኩ። «አሁን እዚህ ጋ።» ተጫንኩ። ሌላ ምንም አላለኝም። በማግስቱም ሄድኩ፣ በሳልስቱም ሄድኩ። ማውራት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ በዚያ መሃል ነው።

ጋሽ መሳፍንት ዘንድሮ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ሄዷል። ለፈተናው ያስመዘገበኝ እሱ ነው። ሦስት ዜማዎች መርጦልኛል፦ አንድ ፈጣን፣ አንድ ዝግ ያለ፣ አንድ ደግሞ ዳንስ ዳንስ የሚል። ፈተናው ሊደርስ ሲል አንድ ሳምንት ቀድሜ እንድሄድና እሱ ዘንድ ሆኜ እንድለማመድ ተነጋግረናል።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዝግ ያለው ዜማ ላይ «በጣም በለስላሳው» የሚል ምልክት አለ። ሰው ጣቱን ለስላሳ ማድረግን በምን ይማራል? ማለቴ፣ ድምፁ ሳይነግረው ጣቱ ብቻውን ሊማረው ይችላል?

እማዬ እጅግ በጣም ሰላም ትላለች። እድሜና ጤና ይስጥልን።

አክባሪዎ ጸደንያ


ፕሎቭዲቭ
ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጸደንያ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአጣዬውን ነገር ሳነብ ብዙ ቆየሁ፤ ምን እንደምልሽ አላውቅም። አባትሽ ቤቱን ይጨርስ፣ አንቺም ገብተሽበት ተጫወቺበት። መምህርሽንም እግዜር ይስጠው። ብዙ አስተማሪ ይህን አይችልም።

አሁን ወደ ሥራችን። ፒያኖው የምን አገር ነው ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አልመለስሽም። ፔዳሉ ይሠራል ወይ አልኩሽ፤ አልመለስሽም። በዚህ ፈንታ ጣት ድምፅ ሳይሰማ ለስላሳነትን ይማራል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልጄ፣ አንቺ ዘንድ ፒያኖ የለም። ያለሽ ኪቦርድ ነው፤ እሱም ቀስ ብለሽ ብትነኪውም ብትደበድቢውም አንድ ዓይነት የሚጮኸው ዓይነት። ልክ ነኝ?

በደስታ ስለጻፍኩልሽ ደስታዬን ላለማበላሸት ነው ዝም ያልሽው፤ ገብቶኛል። በመጀመሪያ ክው አልኩ። ፈታኙ ፊት የሚቀርብልሽ እውነተኛ ፒያኖ ነው። ቁልፉ ይከብዳል፤ ጣት ሲፈራው ድምፅ አልሰጥም ይላል፣ ሲቆጣው ደግሞ ይጮኽበታል። በኪቦርድ ብቻ ተለማምደው የመጡ ልጆች እኔ ፊት ተቀምጠው የገዛ ድምፃቸው ሲያስደነግጣቸው አይቻለሁ። ሁለት ቀን ቤቱን እየዞርኩ «ምን ይሻላል?» ስል ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥቼ፣ ሴትየዋ ለውዝ ስትመዝንልኝ መፍትሔው ፊቴ ተቀምጦ አገኘሁት።

ስሚኝ። የፒያኖ ቁልፍ ሃምሳ ግራም ያህል ሲያርፍበት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሚዛን ፈልጊ። ሽንኩርት የሚመዘንበትን አይደለም፤ ቅመም የሚመዘንበትን፣ ባለ መርፌውን ትንሹን። አንድ ጣትሽን ሰሃኑ ላይ አሳርፊ። አትጫኚ፤ የክንድሽን ክብደት ልቀቂለት እንጂ። መርፌው ሃምሳ ላይ ሲደርስ አቁሚው። ከዚያ መርፌው ሳይንቀሳቀስ ክብደቱን ወደሚቀጥለው ጣት አሻግሪው። አምስቱም ጣቶችሽ መርፌውን እዚያው ማቆየት ሲችሉ ለስላሳው ድምፅ እጅሽ ገባ ማለት ነው። ቀጥሎ መቶ፣ ቀጥሎ ሁለት መቶ። የሚያስቸግርሽ የቀለበት ጣትሽ ነው፤ የሁሉም ሰው የቀለበት ጣት ሰነፍ ነው።

የሚያይሽ ሰው አበደች ቢል አትስሚው።

ፈለቀች


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ፈለቀች፣

ጤናዎን ይስጥልን፤ እኛ ደህና ነን። እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ ኪቦርድ ነው። ጋሽ መሳፍንት ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው ነው። ፔዳል የለውም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። እኔ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። ደብዳቤዎ ሲነበብ እማዬ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሴትዮዋ ፕሎቭዲቭ ቁጭ ብላ ቤታችንን አየችው» አለች።

ሚዛኑን አገኘሁት! ከቤታችን ፊት ለፊት እትዬ ከዲጃ የምትባል የቅመም ሱቅ ያላት ጎረቤት አለችን። ባለቤቷ ጋሽ ዩኑስ በአይሱዙ ሽንኩርትና ማንጎ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ሄጄ ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም።

«ምን ልመዝንልሽ?»

«ጣቴን።»

«ጣትሽን?»

«አዎ፣ ለፈተና ነው።»

ለባሏ ተጣርታ፣ «ዩኑስ! ና እስኪ ስማ፣ የብርቱካን ልጅ ጣቷን ልትሸጥልን መጥታለች!» አለች። እንደምንም አስረዳኋቸው። ጋሽ ዩኑስ ነገሩ ሲገባው ሚዛኑን ራሱ በጨርቅ ወልውሎ፣ መርፌው ከዜሮ እንዲነሳ አስተካክሎ፣ በርጩማ አመጣልኝ። እትዬ ከዲጃም ተራ አወጣችልኝ፤ ገበያተኛ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሲሄድ እቀመጣለሁ። አሁን ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እሷ ዘንድ ነኝ።

የቀለበት ጣቴን ያሉት እውነት ነው። ሌሎቹ ሃምሳ ላይ ሲያቆሙት እሷ ሃያ ላይ ትንቀጠቀጣለች። እትዬ ከዲጃ አይታ፣ «ረመዳንም ሁዳዴም ሳይገባ ይቺ ጣትሽ ጾም ጀመረች እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ጿሚዋ ሆኖ ቀረ። በርበሬ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ጿሚዋ ዛሬ ስንት ደረሰች?» ይላል። ትናንት አርባ አምስት ደረሰች። እትዬ ከዲጃ «ማሻ አላህ! አብሽሪ፣ ኢንሻ አላህ ነገ ሃምሳ ነው» ብላ አጨበጨበችልኝ።

እጄ ግን እርድ እርድ ይሸታል። ለፈተናው ችግር አለው?

አክባሪዎ ጸደንያ


ፕሎቭዲቭ
መጋቢት 2016

ጸደንያ ልጄ፣

ሰላም ለቤታችሁ። እርድ ችግር የለውም። ከዲጃን አመስግኚልኝ።

አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ተለማመጂ። ሚዛኑ ላይ አይደለም፣ ኪቦርዱ ላይ። ሦስቱንም ዜማ። ጣት ቤቱን ማየት የለበትም፤ በጨለማም ገብቶ መውጣት አለበት። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ።

አጭር ስለሆነ ይቅርታ። ብዕሩ አስቸግሮኝ ነው።

ፈለቀች


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ፈለቀች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። በመጋቢት የጻፉልኝ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ፖስታው ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ደግሞ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም ማለቴ ሲከነክነዎት ቆይቶ ተስፋ ቆርጠውብኝ ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። እትዬ፣ ተቆጥተውኝ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ዝም አይበሉኝ።

ትናንት ይህን ለእማዬ ነገርኳት። የመጋቢቱን ወረቀት አምጪ አለችኝ። መስኮቱ ጋ ወስዳ ቆማ አየችው። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ፊደል ጤፍ ጤፍ የሚያህል ነበር፤ የጥሩ ከፍ አለ፤ የመጋቢቱ ግን ባቄላ ያክላል፤ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ወጥቷል። እማዬ ነርስ ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር ታያለች። «ይህ የቁጣ ጽሑፍ አይደለም። ይህች ሴት አታይም» አለችኝ። የመጣ ይምጣ ብላ ስልክዎን ሞከረች፤ ይጠራል፣ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ታነሣለች፣ ከዚያ ይቆረጣል።

እባክዎ፣ ደህና መሆንዎን ብቻ ያሳውቁኝ። ስለ ፈተናው ምንም አይጻፉልኝ።

ጿሚዋ ሃምሳ ከደረሰች ቆየች። ዓይኔን ጨፍኜም እጫወታለሁ።

ጸደንያ


ሸዋ ሮቢት
ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፈለቀች፣

ይህን የምጽፈው ባያነቡትም ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው። አንድ ሳምንት ቀድሜ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ ከቆመ ሰነበተ። ፈተናው ሐሙስ ሰኔ 13 ነው። ጋሽ መሳፍንት ፒያኖ ያለው ጓደኛው ዘንድ ሊያለማምደኝ ነበር፤ እሱ ቀርቷል። አሁን የምጸልየው ለልምምዱ አይደለም፤ ለመድረሱ ብቻ ነው።

እማዬ «ካልሆነ የሚቀጥለው ዓመት አለ» ትለኛለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትለኝ።

ባሉበት እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

ጸደንያ


ሸዋ ሮቢት
ሰኔ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፈለቀች፣

ተፈተንኩ! ከሁሉ በፊት ይህን ይወቁልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዩኑስ ቤታችን መጣ። «ብርቱካን፣ ነገ መንገዱ ለጭነት ይከፈታል እየተባለ ነው። ሽንኩርቱ ሊበሰብስብኝ ስለሆነ እሄዳለሁ። ጋቢናው ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ አለ» አለ። እማዬ ሥራዋን ለጓደኛዋ አደራ ብላ ተነሣች። እትዬ ከዲጃ ቆሎ በፌስታል ይዛ መጥታ፣ ረቡዕ ጠዋት መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ጣቴን ይዛ፣ «አላህ መንገዱን ያቅልላችሁ፣ ጿሚዋን አደራ» አለችኝ።

እስከ አርማኒያ በደህና ሄድን። ደብረ ሲና ስንደርስ ግን መኪና በመኪና ላይ ቆሟል። «ዛሬ አይታለፍም» አሉን። ጋሽ ዩኑስ ወርዶ ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ መልሱ አንድ ነው። የእርስዎ አገር እንዴት ያለ ብርድ ነው እትዬ! ሁለታችንም ሹራብ አልያዝንም። ቤቷ ውስጥ አልጋ የምታከራይ አንዲት ሴት አሳደረችን፤ ስለ እርስዎ ብጠይቃት የአባትዎን ቤት አወቀችው፤ «ልጃቸው ሩሲያ ሄዳ ቀረች ይላሉ» አለችኝ። ቡልጋሪያ ናት ብያታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። የኔ ሰዓት አራት ሰዓት ነበር። የተራራውን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። እማዬ ሰዓቷን ማየት ትታ እጄን በእጆቿ ውስጥ አድርጋ ታሞቃለች። ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ ሠራልንና ለጋሽ መሳፍንት ነገርነው። «እሺ፣ ብቻ ኑ» ብሎ ዘጋው። አይሱዙ ቀን መሃል ከተማ ስለማይገባ ጋሽ ዩኑስ ለገጣፎ ላይ አውርዶን ታክሲ አስያዘን። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደኛ እየዞረ ያሸታል። ሽንኩርት ሽንኩርት ነበር የምንሸተው።

ጋሽ መሳፍንት በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ጠዋቱን ሙሉ መዝጋቢዋን ሲለምን አርፍዶ ተራዬን የመጨረሻ አስደርጎልኛል። «ገና አንድ ልጅ አለ ከፊትሽ። ውኃ ጠጪ» አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ መገናኘታችን ነበር፤ ሰላም ለመባባልም አልደረስንም።

ገባሁ። ፈታኟ ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ናት። ፒያኖው ጥቁር፣ ትልቅ፣ ከበርካታ ሰው ጋር የተነጋገረ የሚመስል ነገር ነው። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ስኬል እንድወጣና እንድወርድ ጠየቀችኝ። እጄን ሳሳርፍ ቁልፉ አልወረደም። አልዋሽዎትም፣ እዚያ ጋ ተነሥቼ መሄድ አሰኘኝ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩና የእትዬ ከዲጃን ሚዛን አሰብኩ። አልተጫንኩም፤ ክንዴን ለቀቅሁለት። ወረደ። ድምፅ ሰጠ። እትዬ፣ የራሴ ለስላሳ ድምፅ ምን እንደሚመስል እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር። ክንዴን ትንሽ ስጨምር ከፍ አለ፤ ስቀንስ ዝቅ አለ። የምለውን የሚሰማኝ ነገር አገኘሁ። እንደዚያ የሚሰማኝ ነገር ስንት ዘመን እንደፈለግሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዝግ ያለውን ዜማ ስጫወት ማን እንዳለ ረሳሁ። ዳንሱ ላይ ግን መሃል ስደርስ ግራ እጄ ጠፋብኝ፤ ሁለት ምት ባዶ ሆነ። ቀኝ እጄን ሳላቆም ቀጠልኩ፤ ግራው ተመልሶ ደረሰባት። ፔዳሉን አንዴ ረግጬው ሁሉም ነገር ስለተደበላለቀብኝ ቶሎ ተውኩት። ስጨርስ ፈታኟ ፈገግ ብላ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ሸዋ ሮቢት አልኳት። የት እንደሆነ አታውቅም። «ሽንኩርት የሚመጣበት ነው» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል? ሳቀች።

ስወጣ እማዬ ምንም ሳትጠይቀኝ አቅፋኝ አለቀሰች። ብወድቅም ባልፍም ግድ እንዳይሰጥዎት። ደረስኩ፤ ነካሁት።

አሁን የቀረኝ የእርስዎ ነገር ብቻ ነው።

ጸደንያ


ፕሎቭዲቭ
ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጸደንያዬ፣

ምስጋና ለፈጣሪ፣ ለአንቺም ለብርቱካንም ሰላምታ። ፊደሌን እዪው! ጤፍ ነው!

እናትሽ ዓይኗ ይባረክ፤ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። የዓይን ሞራ ነበር። አንደኛውን ዓይኔን ከሸፈነው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሌላው እየተንፏቀቅሁ ስጽፍልሽ ቆየሁ። በመጋቢት እሱም ደከመ። ለምን አልነገርሽኝም ብትይ፣ ፈተና ያለባትን ልጅ በኔ ዓይን ማስጨነቅ አልፈለግሁም። አንቺስ ኪቦርዱን መች ነገርሽኝ? እኩል ነን።

ደብዳቤዎችሽ እየመጡ ነበር። ልጄ ታመጣልኛለች፣ በእጄ እዳስሳቸዋለሁ፤ ግን እሷ አማርኛ አታነብም፤ ጥፋቱም የኔ ነው አላስተማርኳትም። በዚህ ከተማ አማርኛ የሚያነብ ሰው የለም። «ለኤምባሲ ወስደን እናስነብብልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኳት፤ የጸደንያ ደብዳቤ በባዕድ አፍ አይነበብም አልኳት። ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት፤ እናትሽ ምን እንደምትል ስላልገባት «የምትጮህ ሴት ደወለች» ብላ ነገረችኝ። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፤ መልሼ ባስደውል መስመሩ እምቢ አለ።

በሰኔ መጀመሪያ አንዱን ዓይን ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ፤ በወሩ ሁለተኛውን። ማንበብ እስኪፈቅዱልኝ እንዴት እንዳበድኩ ልጄ ትንገርሽ። በተፈቀደልኝ ጠዋት ሁሉንም በተራ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የሚያዝያውን ሳነብ ልቤ ተሰበረ፤ «ዝም አይበሉኝ» ያልሽው። የሰኔ ስምንቱን ጨርሼ ተነሥቼ የሚቀጥለውን ልክፈት ወይስ ልተወው ብዬ ውኃ ጠጣሁ። ከዚያ ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ቃል «ተፈተንኩ!» የሚለው ነው። ጮህኩ። ልጄ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች፤ ዓይኔ የፈረጠ መስሏት።

ግራ እጅሽ ጠፍቶ ቀኝሽ መቀጠሉን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያንን ለማስተማር ነበር፤ ብዙዎቹ ቆመው ያለቅሳሉ እንጂ አይቀጥሉም።

ለአልጋ አከራይዋ ሴት ሩሲያ አይደለም በማለትሽ ደግ አደረግሽ። አሁን ውጤቱ ምንም ይሁን ዕረፊ። ማንጎ ብዪ፤ ኪቦርዱን ለጥቂት ቀን ሸፍኚው።

የምትወድሽ ፈለቀች


ሸዋ ሮቢት
ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፈለቀች፣

ዓይንዎን ያበራልን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰን ዕለት እማዬ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እልል ብላ፣ ታካሚዎቹ ሠርግ አለ እንዴ አሉ።

ውጤቱ መጣ። አልፌያለሁ! በጣም ከፍ ያለ አይደለም፤ ግን መሃል ላይ ነው፣ እንደ ሰው ነው ያለፍኩት። ጋሽ መሳፍንት የፈታኟን አስተያየት ተርጉሞ በስልክ አነበበልን። ዝግ ያለውን ዜማ «ከልብ እያዳመጠች የተጫወተችው» ብላለች። እኔንና ፔዳሉን ደግሞ «ገና ያልተዋወቁ ናቸው» ብላለች። እውነቷን ነው። አባዬ በዱቤ ቆርቆሮ እየገዛ የሚያለብሰውን ጣራ ትቶ ከአጣዬ ለአንድ ቀን መጣ፤ እትዬ ከዲጃና ጋሽ ዩኑስም ቤታችን ዋሉ፤ ጋሽ ዩኑስ ለሰው ሁሉ «እኔ ነኝ የጫንኳት» እያለ ነው።

ኢንተርኔቱ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬዎታለሁና ደብዳቤው ለምን ይሉ ይሆናል። ባለፈው እሑድ በስልክ ያወራን ዕለት ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ነው የሳቅነው። ድምፅዎ እንደ ደብዳቤዎ አይደለም፤ የልጅ ነው። ያኔ ተደናግጬ ያልነገርኩዎትን አንድ ነገር ልጽፍልዎ ነው።

«ቆዪ፣ ዝግ ያለውን እኔ እንዴት እንደምጫወተው ላሰማሽ» ብለው ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀመጡት። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ጀመሩ። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ በልቤ፣ ምንም ብደክም ይህን በሕይወቴ አልደርስበትም እያልኩ ተስፋ ስቆርጥ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አንድ የማይሆን ቁልፍ ተመታ። እርስዎም በአማርኛ፣ ጮክ ብለው፣ «ውይ ኡኡቴ!» አሉ።

እማዬ ከወንበሯ ወደቀች ማለት ይቻላል። እኔ ግን አልሳቅሁም እትዬ። ከፈተናው ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ ምናልባት ከአጣዬ ከወጣን ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ቀስ ብሎ ሲነሣልኝ ተሰማኝ። እርስዎ ትክክለኛውን ቁልፍ ደግመው መቱት። ከዚያ ቀጠሉ።

አክባሪዎ፣ ልጅዎ
ጸደንያ